የእሜቴ ቀጠሮ

ዳኛው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚፈርዱበት ችሎት ስላጡ በቤታቸው ላይ ይፈርዱ ነበር። ቁርስ መቼ እንደሚበላ፣ በሩን ማን እንደሚዘጋ፣ ልጃቸው ከማን ጋር ቆማ እንደምታወራ፣ ሁሉም ውሳኔ ነበረው። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ከአጥሩ ሥር ሰፊ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደግሞ ሻምበል አፍንጫው አፈር ለብሶ ሲያላዝን ሲያዩት ደማቸው ፈላ።

ሻምበል የዳኛው ውሻ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ አባቱና እናቱ የታወቁ፣ ዘሩ ለእንግዳ ሁሉ የሚተረክለት። ከአጥሩ ማዶ የአናጢው ግቢ አለ። በዚያ ግቢ፣ በሰጋቱራ ክምር ላይ ተዘርግታ የምትውል፣ ዓመት ሳይሞላት ጥጃ ያከለች ሴት ውሻ አለች። አናጢው አረማመዷ ላይ ያለውን ኩራት አይቶ “እሜቴ” ብሎ ሰየማት። በዚያ ሳምንት እሜቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ የምትፈልግበት ሰሞን ደርሶባት፣ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ የአናጢው በር ላይ ሰልፍ ይዞ ሰንብቷል።

“ነገ ታመክኛታለሽ” አሉ ዳኛው፣ ልጃቸው ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል።

ልጃቸው የእንስሳት ሐኪም ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከእኚህ ሰው ጋር ብቻዋን ስላደገች ሲቆጡ ድምፃቸው ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚደርስ ታውቀዋለች። አሁን ገና ከመጀመሪያው ነበር።

“ማንን ነው የማመክነው?”

“የዚያን አናጢ ውሻ። ሻምበል ከእሷ ወልዶ ዘሩን እንዲያበላሽ አልፈቅድም።”

“አባዬ፣ አሁን አይሆንም። በዚህ ሰሞን የማህፀኗ ደም ሥሮች ያብጣሉ፤ ከተነኩ ደሙን ማቆም ጭንቅ ነው። ደግሞ ትልቅ ዝርያ ናት። አጥንቷ እድገቱን አልጨረሰም። ቶሎ ኦፕራሲዮን ከተሠራች መገጣጠሚያዋ ደካማ ሆኖ ሊቀር ይችላል።”

“የወዳጄ ውሻ በስድስት ወሯ ነው የተሠራችው። ይኸው ስትዘል ትውላለች።”

“የወዳጅዎ ውሻ እኮ የእጅ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ናት! እንደሷ ያለችው በስድስት ወሯ አድጋ ጨርሳለች። እሜቴ ግን ገና ልጅ ናት።”

ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ከላይ አዩዋት።

“እሜቴ” አሉ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየመዘኑ። “ስሟን ስትጠሪው ደስ ይልሻል።”

ሐኪሟ ፊቷ ጋለ። ዳኛው የጠረጠሩት ነገር እውነት ነበር። ከዓመት በፊት የክሊኒኳ በር አልዘጋ ብሎ አናጢውን አስጠርታው ነበር። መጣ፣ ሠራ፣ ሄደ። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። በሩ ገና በመጀመሪያው ቀን እንደተሠራ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ሁለቱም አልተናገሩም። ከዚያ አንድ ቀን በጃኬቱ ውስጥ መዳፏ ከአካሏ የሚበልጥ ቡችላ ይዞ ብቅ አለ። ስታድግ መቼ ትሠራ ብሎ ጠየቃት። “የመጀመሪያው ሰሞን ይምጣና ይለፍ፤ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ጠብቀን” ብላ መለሰችለት። “አንቺ ካልሽ እሺ” አለ። ስለ ውሻዋ ብቻ እንዳልተናገረ ያወቀችው ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገድ ላይ ነው።

ዳኛው ያን ጠዋት ጊዜ አላባከኑም። የአትክልተኛውን መሰላል አጥሩ ላይ አስደግፈው ወጡና ወደ ማዶ ጮኹ።

“አንተ አናጢ!”

የመጋዙ ድምፅ ቆመ። አናጢው እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ ብቅ አለ።

“ደህና አደሩ፣ ጌታዬ።”

“ደህና አላደርኩም። ውሻህ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስታን አደረች። ነገ ልጄ መጥታ ታመክናታለች።”

“ልጅዎ ጠብቅ ብላኛለች።”

“ያኔ ያለችህን እርሳው። ተነጋግረን ጨርሰናል። እሷ የምትሠራው እኔ ያልኳትን ነው።”

አናጢው በዳኛው ትከሻ በኩል አሻግሮ በረንዳው ላይ የቆመችውን ሐኪም አያት። አልጠየቃትም፤ ዐይኑ ግን ጠየቃት። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። “አላልኩም” ብትል፣ ራሷን እንኳ ብትነቀንቅ ይበቃት ነበር። ልትለው አፏን ከፈተች። አባቷ ከመሰላሉ ላይ ዞር ብለው ሲያዩዋት ግን መልሳ ዘጋችው፤ ዐይኗን ሰብራ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረች።

ቀና ስትል ከአጥሩ ማዶ ማንም የለም። በማግስቱ ለአባቷ “ክሊኒኩ ሞልቶብኛል” ብላ ውሻዋን ሳትነካ ቀረች። አናጢው ግን ይህን አላወቀም። እሱ የሚያውቀው በሩን ከውስጥ ቆልፎ መዋሉን ነው። ስልኳን አላነሳላትም፤ እሷም ደውላ ደውላ ሲሰለቻት ሆዷ ሻከረ። የቆለፈብኝ እሱ ነው አለች። የሸጠችኝ እሷ ናት አለ። አንድ አጥር የሚጋሩ ሁለት ሰዎች የተኮራረፉ እንደሆነ አጥሩ በየቀኑ ይረዝማል።

ሁለት ወር አለፈና ለእሜቴ ተገቢው ጊዜ ደረሰ። ያበጠው ረግቷል፣ ሌላው ሰሞን ገና ነው። ሐኪሟ ከራሷ ጋር ስትሟገት ሰንብታ፣ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ የአናጢውን በር አንኳኳች።

ጣውላ እየላገ ነበር። ቀና ብሎ አያትና ሥራውን ቀጠለ።

“ጤና ይስጥልኝ፣ ዶክተር። ምን ልታዘዝዎት? በር ተበላሸብዎት?”

“እርስዎ” አላት! ወንድ የወደዳትን ሴት “አንቺ” ሲል ከርሞ አንድ ቀን “እርስዎ” ያላት እንደሆነ ማክበሩ አይደለም፤ ከደጁ ማስወጣቱ ነው። ሐኪሟ ያልሰማች መሰለች።

“ስለ እሜቴ ነው የመጣሁት። የምትሠራበት ጊዜ አሁን ነው።”

“አባትዎ ቀን ቆረጡላት?”

“አባቴ እዚህ ውስጥ ምን አገባቸው?”

“እንዴት እንደሚያገባቸው እርስዎ ራስዎ በረንዳዎ ላይ ቆመው አሳይተውኛል።”

“ስማኝ። ያኔ ጠብቅ ያልኩህ ለመጠበቅ ምክንያት ስለነበረ ነው። አሁን ምክንያቱ አልፏል። ማህፀኗ እንዳለ ከቆየ የሚመጣ በሽታ አለ፣ ዕጢ አለ…”

“ያኔ ጠብቅ፣ አሁን ቁረጥ። ይኼ ለእሜቴ ጤና ነው ወይስ ለሻምበል ዘር?”

“እኔ ሐኪም ነኝ!”

“እኔ የማውቃት ሐኪም ምላስ ነበራት።”

ይህ አጥንቷ ድረስ ገባ። እውነት ስለነበረ ነው የገባው። የተናደደ ሰው ደግሞ እውነትን የሚመልሰው በእውነት አይደለም።

“ከእንጨት ጋር ውለህ ውለህ አንተም እንጨት ሆነሃል!” አለችው። “ድሮስ ከአናጢ ምን ይጠበቃል!”

ከአፏ ሲወጣ ድምፁ የእሷ አልነበረም፤ ቁርጥ የአባቷ ነበር። አናጢው መላጊያውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ቁጣ ብታይ በተሻላት ነበር። ያየችው ግን ሲፈራው የከረመው ነገር በመጨረሻ የደረሰበትን ሰው ፊት ነው።

“አሁን ገና አባትዎን መሰሉ” አላት። “በሩ በዚያ በኩል ነው።”

ስትዞር እሜቴን አየቻት። ውሻዋ የውሃ ሳፋዋን እስከ ታች ልሳ፣ ባዶውን ሳፋ በአፍንጫዋ እየገፋች ሌላ ውሃ ትፈልጋለች። ቀኑ ሞቃት አልነበረም። ሐኪሟ ቆም አለች። “ውሃ…” ብላ ጀመረች። አናጢው የመጋዙን ሞተር አስነሳ።

ወጣች። መንገድ ላይ እንባዋ እየወረደ ከስልኳ መልእክት ላከች፦ እሜቴ ውሃ መጠጣት አብዝታለች፤ መብላት ከቀነሰች ቶሎ አምጣት። መልእክቱ መነበቡን አየች። መልስ ግን አልመጣም። ያን ቀን ራሷን የጠላችውን ያህል ሰው ጠልታ አታውቅም።

ከቀናት በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የክሊኒኩ በር በእግር ተገፍቶ ተከፈተ። አናጢውና አብሮት የሚሠራው ጎልማሳ ገና ቫርኒሽ ያልነካው አዲስ በር እንደ ቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። በሩ ላይ እሜቴ ተዘርግታለች። ያ ሁሉ ግዝፈት አሁን እህል የወጣበት ጆንያ ይመስላል፤ ሆዷ ብቻ ተነፍቶ ቀርቷል።

“አድኛት” አለ አናጢው። “ሌላ ወሬ አልፈልግም። አድኛት።”

“አንቺ” ብሏት ነበር። ሰማችው፤ ደስ ለመሰኘት ግን ጊዜ አልነበራትም። የእሜቴን ድድ ገልጣ አየች፤ ነጥቷል። ሆዷን በአልትራሳውንድ ዳሰሰች። እንደ ሞላ ከረጢት የተቋጠሩ ጥቁር ክቦች ስክሪኑ ላይ መጡ።

“ማህፀኗ መግል ቋጥሯል። መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ደሟን እየመረዘው ነው። አሁኑኑ መውጣት አለበት።”

“ትድናለች?”

“አላውቅም።”

“ጠብቅ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!” ብሎ ጮኸ። ግድግዳው ላይ ያለው መደርደሪያ እስኪንቀጠቀጥ ጠረጴዛውን መታው። “ጠብቅ አልሽኝ፣ ጠበቅሁ! ይኸው የጠበቅሁት!”

“ጊዜው ሲደርስ በርህን አንኳኩቻለሁ!” እሷም ጮኸች። “ፊቴ ላይ መጋዝ አስነሳህብኝ! መልእክቴንም አንብበህ ዝም አልከኝ!”

“የአባትሽ ዘዴ መስሎኝ ነው! ውሻዬን ወደ ክሊኒክ ለማስመጣት የተሸረበ ሴራ መስሎኝ ነው!”

“እኔ በታመመ እንስሳ የማሴር ሰው ነኝ?”

“ምን እንደሆንሽ በምን ልወቅ? ትናገሪያለሽ እንዴ?”

የክሊኒኩ ረዳት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏት ትልቅ ሴት፣ ማደንዘዣውን አዘጋጅታ መሃላቸው ገባች።

“ሁለታችሁም አፋችሁን ዝጉ” አለች። “ከፈለጋችሁ በኋላ ትባላላችሁ። ይቺ ጊዜ የላትም።”

አናጢው አልወጣም አለ። ሐኪሟም ለመከራከር ጊዜ አጣች። “ራሷ ጋ ቁም፤ እጅህ እንዳይነካብኝ፤ ትንፋሽህን እንኳ እንዳልሰማ” አለችው። ምላጩ ወረደ። የሚሰማው የመሣሪያው ድምፅና የእሜቴ አዝጋሚ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ማህፀኑ ከሆዷ ሲወጣ ክንድ አክሎ፣ ቆዳው ሳስቶ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ቢፈነዳ መግሉ ሆዷ ውስጥ ይፈስና ያበቃል። ሐኪሟ እንደ አዲስ የተወለደ ሕፃን በሁለት እጇ ደግፋ ወደ ላይ አነሳችው። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም አይታይም። በመጀመሪያው ሰሞን ማግስት ይመጣል ብላ አልጠረጠረችም፤ ሳፋውን እስካየችበት ቀን ድረስ አልጠረጠረችም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ምን ሰበብ አላት? ለምን በሩን ሰብራ አልገባችም?

ደም ሥሮቹን አስራ፣ ማህፀኑን ቆርጣ ጥላ፣ መስፋት እንደጀመረች ከመጠበቂያው ክፍል የምታውቀው ድምፅ መጣ። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ተከፈተ። ዳኛው ባርኔጣቸውን እንደያዙ ደፉ ላይ ቆሙ። ሰው ነግሯቸው ነው የመጡት።

“ይኼ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?”

ዳኛው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደም አዩ፣ አናጢውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

“ያልኩት አልቀረም” አሉ። “በነገርኩሽ ጊዜ ብትቆርጫት ኖሮ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር።”

አናጢው ጥርሱን ነከሰ። ሐኪሟ ቀና አላለችም። መርፌው ገባ፣ ወጣ፣ ክሩ ተሳበ።

“ምናልባት” አለች። “ምናልባትም ያን ጊዜ ብቆርጣት ደሟ እጄ ላይ ፈስሶ ታልቅ ነበር። አላውቅም፣ አባዬ። ማንም አያውቅም። የማውቀውን አንድ ነገር ግን ልንገርዎት፤ ከዚህ በፊት ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።” ክሩን ቋጠረች። “ይህን ሰው እወደዋለሁ።”

እትዬ የያዘችውን መቆንጠጫ ልትጥል ምንም አልቀራትም።

“ያን ቀን አጥሩ ላይ ሆነው ‘እኔ ያልኳትን ነው የምትሠራው’ ሲሉ ዝም አልኩ። የተስማማሁ አስመሰልኩ። ፈርቼ ነው። ከእርስዎ ፊት ቆሜ ‘አይደለም’ ማለት አቅቶኝ፣ እሱን አጥር ሥር ብቻውን ተውኩት። ከዚያ ደግሞ ከአፍዎ የለመድኩትን ስድብ ወስጄ በእሱ ላይ ጣልኩት።”

“ለአናጢ!” አሉ ዳኛው፤ ድምፃቸው ተሰበረ። “እኔ እኮ ነኝ ያሳደግሁሽ! በነዚህ እጆቼ ፀጉርሽን እየጎነጎንኩ ትምህርት ቤት የወሰድኩሽ! ለአናጢ ነው?”

“አዎ፣ ለአናጢ።” አሁን ቀና አለች። ጭምብሏ በእንባ ርሷል። “እነዚያን እጆች እወዳቸዋለሁ። የጎነጎኑኝን አልረሳም። አፌን ሲይዙት ግን አልችልም፣ አባዬ። ከእንግዲህ አልችልም።”

“ዛሬ ቤት ስትገቢ እንነጋገራለን።”

“ዛሬ አልመጣም። የምመጣው ከእሱ ጋር ነው። በሩን የሚከፍቱልን ዕለት።”

ዳኛው ባርኔጣቸውን ሊያደርጉ ሞከሩና እጃቸው ስቶ ወደቀባቸው። ጎንበስ ብለው ሲያነሱት ማንም የማያየው ሽማግሌ ይመስሉ ነበር። አድርገውት ወጡ። ሐኪሟ ኮቴያቸው እስኪርቅ አዳመጠች። አሸንፋ ነበር፤ ግን እንደ ተሸነፈ ሰው አንገቷን ደፋች።

ቀሪውን ስፌት ጨርሳ ጓንቷን ስታወልቅ እትዬ ደም የነካውን ጨርቅ ሰብስባ ትታቸው ወጣች። እሜቴን ሁለቱ አንሥተው ወለሉ ላይ በተነጠፈ ብርድ ልብስ አስተኟትና ግራና ቀኝ ተቀመጡ። መሃላቸው ውሻዋ አለች፣ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ይላል።

ሐኪሟ አንድ ነገር ጠበቀች። እንዲያቅፋት፣ ቢያንስ ዐይኗን እንዲያያት። አናጢው ግን ግንባሩን ቋጥሮ የእሜቴን ሆድ ሲወጣና ሲወርድ ይቆጥራል።

“ያን ቀን ይህን ብትዪ ኖሮ” አለ በመጨረሻ፣ “በሬን አልቆልፍም ነበር።”

“አንተም መልእክቴን ብታምን ኖሮ ተሸክመሃት አትመጣም ነበር።”

“እና ጥፋቱ የእኔ ነው?”

“የሁለታችንም ነው። የእኔ ግን ይበልጣል። ሐኪሟ እኔ ነኝ።”

“ተይ!” ብሎ ተቆጣት። “ሁሉን ነገር ብቻሽን ትወስኛለሽ። ጥፋቱንም ብቻሽን ልትወስጂው ነው? ድርሻዬን ተይልኝ!”

እንዲህ ያለ ቁጣ ተቆጥቷት አያውቅም። ቁጣ ሆኖ ሳለ ለምን እንዳሞቃት አልገባትም።

“ከአናጢ ምን ይጠበቃል ያልኩህን…” ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

“እሱን ገና አልረሳሁትም። ለመርሳትም አልቸኩልም።”

“አትቸኩል።”

“እንዲያው ብዙ ጊዜ ሊወስድብኝ ይችላል።”

“እዚሁ ነኝ።”

በዚህ መሃል እሜቴ ጆሮዋን አንቀሳቀሰች። ከዚያ አንድ ዐይኗን በግማሽ ከፍታ፣ የማን ቤት እንዳደረች ያልገባት እንግዳ ይመስል ወዲያና ወዲህ አየችና፣ ከባድ ራሷን ጎትታ ሐኪሟ ጭን ላይ ጣለችው። አናጢው ይህን ሲያይ፣ ከጠዋት ጀምሮ፣ ምናልባትም ከዚያ አጥር ቀን ጀምሮ አፍኖ የያዘው ነገር ገነፈለበትና እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

“ከዳተኛ” አላት ውሻዋን፣ በእንባው መሃል። “እኔ ነኝ እኮ የተሸከምኩሽ።”

ሐኪሟ ሳቋና ልቅሶዋ አንድ ላይ መጡባት። እጇን በውሻዋ ጀርባ ላይ ዘረጋችለት። ወዲያው አልያዘውም። አየው፣ ዐይኑን መለሰ፣ እንደገና አየው። ሲይዘው ደግሞ በፍቅር አልነበረም፤ እንደተናደደ፣ ጣቶቿን እስኪያማት ጨምቆ ነው የያዘው። እሷም እልህ ይዟት በዚያው ኃይል ጨመቀችው። ይቅር አልተባባሉም። ገና የሚነጋገሩት፣ ገና የሚጣሉበት ብዙ ነበር። ግን ሁለቱም ቀድሞ የሚለቀው ሰው መሆንን የፈሩ ይመስል፣ እጃቸው እያላበው እንደተያያዙ ቀሩ።